8 ጊጋ ራም ገጥመን ሰርቨሩ 3.5 ብቻ ያያል፣ ዳታቤዙም ሜሞሪ አነሰኝ ይላል

መጋዘን_ጎንደር
ሰላም ለቤቱ። እዚህ ጎንደር አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ መጋዘን ነው የምሰራው፣ አይቲውም ፕሪንተር አስተካካዩም ሲቸግር ካርቶን አውራጁም እኔው ነኝ። ዊንዶውስ ሰርቨር 2003 ላይ ኤስኪውኤል ሰርቨር 2005 የሚባለው ዳታቤዝ አለን፣ የስቶክና የሽያጭ ፕሮግራሙ በሱ ነው የሚሰራው። ፕሮግራሙን የሰሩት ልጆች የት እንደገቡ አይታወቅም፣ ስልክ አያነሱም፣ ሶርስ ኮዱም እኛ ጋ የለም። ጠዋት ጠዋት ሰላም ነው፣ ከምሳ በኋላ ግን የኤክስፓየር ሪፖርት ስንከፍት ስህተት 701 ይመጣል፣ ኩዌሪውን (ለዳታቤዙ የተላከውን ጥያቄ) ለማስኬድ በቂ የሲስተም ሜሞሪ የለም ይላል። ሰርቪሱን ሪስታርት ሳረገው ይለቀዋል፣ በነጋታው ደሞ ያው። ጋሼን ለምኜ ለምኜ ራም ከአዲስ አበባ አስመጣን፣ 4 የነበረው 8 ሆነ። ባዮሱ 8 ጊጋ ይላል፣ ዊንዶውሱ ግን 3.5 ነው የሚያሳየኝ፣ ኤስኪውኤሉም ታስክ ማናጀር ላይ 1.7 ጊጋ ገደማ ሲደርስ እዛው ቀጥ ይላል። ብሩ ወጥቷል፣ ራሙ ተገጥሟል፣ ለውጥ የለም። ምን ላርግ?

ራስ_ዳሽን
ራሞቹን አውጥተህ በማጥፊያ ላጲስ ጥረግና መልሰህ ሰካ፣ ስሎቱም ሊሆን ይችላል

መጋዘን_ጎንደር
ባዮሱ 8ቱንም ያያል እኮ ወንድሜ፣ ስሎት ቢሆን ባዮሱም አያየውም ነበር

አባ_ሰርቨር
ስሎቱን ተወው። መጀመሪያ ሦስት ነገር ንገረኝ። ሰርቨር 2003ው ስታንዳርድ ነው ኢንተርፕራይዝ? 32 ቢት ነው 64? ኤስኪውኤሉስ የቱ ኤዲሽን ነው፣ ሰርቪስ ፓኩ ስንት ነው? ማይ ኮምፒዩተር ላይ ራይት ክሊክ ፕሮፐርቲስ ካልክ የመጀመሪያውን ታገኘዋለህ፣ የኤስኪውኤሉን ደሞ ኩዌሪ መስኮት ላይ ሰሌክት ኤት ኤት ቨርዥን ብለህ አስኪደው።

መጋዘን_ጎንደር
እሺ አያ። ሰርቨር 2003 ስታንዳርድ 32 ቢት ሰርቪስ ፓክ 2። ኤስኪውኤሉ 2005 ስታንዳርድ 32 ቢት፣ ሰርቪስ ፓክ 1 ነው የሚለው። ዳታቤዙ 9 ጊጋ ደርሷል። ሰርቨሩ የቢሮውን ፋይል ሼርም ይይዛል፣ አንቲቫይረስም አለበት። ፕሮሰሰሩ ዚኦን ነው።

አባ_ሰርቨር
በቃ በሽታው ታወቀ። እዚህ ላይ ሦስት የተለያዩ ጣሪያዎች ተደራርበዋል፣ ሰው ሁሉ አንድ ያደርጋቸውና ራም ገዝቶ ይቀራል።

አንደኛው የዊንዶውሱ ኤዲሽን ነው። ሰርቨር 2003 ስታንዳርድ 32 ቢት ከ4 ጊጋ በላይ ራም አይቀበልም፣ ማይክሮሶፍት ራሱ የጣለው ገደብ ነው። ኢንተርፕራይዙ 32 ጊጋ ይወስድ ነበር፣ ከሰርቪስ ፓክ 1 በኋላ 64 ሆነ። ዊንዶውስ 2000 ሰርቨርም 4 ነበር፣ አድቫንስድ የሚሉት 8። ኤክስፒም 32 ቢቱ 4 ነው። ሰርቨር 2008 ስታንዳርድ 32 ቢት እንኳ 4 ላይ ነው የቆመው። ስለዚ አሁን የጨመርከው 4 ጊጋ ለዊንዶውሱ የለም ማለት ነው። ከ4ቱ ላይ ደሞ ግማሽ ጊጋ የጠፋብህ ግራፊክስ ካርዱና ሌሎቹ ፒሲአይ ዕቃዎች ከ4 ጊጋ በታች ያለውን አድራሻ ስለሚይዙት ነው፣ በየማሽኑ ይለያያል፣ አንዱ ጋ 3.25 ሌላው ጋ 3.5።

ሁለተኛው የፕሮሰሱ ጣሪያ ነው። 32 ቢት ማለት 4,294,967,296 አድራሻ ነው፣ ማለትም 4 ጊጋ ባይት፣ ከዚህ ውስጥ ዊንዶውስ ግማሹን ለራሱ ለከርነሉ (ለሲስተሙ እምብርት) ይዞ ግማሹን ለፕሮግራሙ ይሰጣል። ስለዚ ኤስኪውኤልህ ራም 100 ጊጋ ቢኖር በቀጥታ የሚደርስበት 2 ጊጋ ብቻ ነው። ከዚህ ላይ ደሞ ሲነሳ ለትሬድና ለውጪ ዲኤልኤል ብሎ 384 ሜጋ ገደማ ወደ ጎን ያስቀምጣል። ከ2 ጊጋ ላይ እሱን ቀንስ፣ ያ 1.7 ላይ የቆመብህ ቁጥር ከዛ ነው የመጣው።

ሦስተኛው የዳታቤዙ የራሱ ኤዲሽን ነው፣ እሱ ላንተ ችግር አይደለም፣ 2005 ስታንዳርድ ኦፕሬቲንግ ሲስተሙ የሰጠውን ይወስዳል።

ፒክስል_አዘዞ
ፒኤኢ አብራለት በቃ! ቡት ዶት አይኤንአይ (ዊንዶውሱ ሲነሳ የሚያነበው ፋይል) ላይ ስላሽ ፒኤኢ ብለህ ጻፍ፣ 8ቱም ይመጣል። እኛ ጋ እንደዛ አድርገን 16 ጊጋ ታይቶናል

አባ_ሰርቨር
እናንተ ጋ ኢንተርፕራይዝ ነበረ ማለት ነው ልጄ። ፒኤኢ ፕሮሰሰሩ ከ4 ጊጋ በላይ ያለውን ፊዚካል ራም እንዲያይ ያደርገዋል እንጂ የኤዲሽኑን ገደብ አያነሳም። ስታንዳርድ ላይ ብታበራውም 4 ነው፣ ባታበራውም 4 ነው።

ፒክስል_አዘዞ
አረጋግጬ መጣሁ፣ ኢንተርፕራይዝ ነው 😅

ቆራሪማ
እኔ ግን ስላሽ 3ጂቢ ነው የምመክረው። ከርነሉን ወደ 1 ጊጋ ታወርደውና ለኤስኪውኤል 3 ጊጋ ትሰጠዋለህ፣ ቡት ዶት አይኤንአይ መጨረሻ ላይ አንድ ቃል መጨመር ነው፣ ማሽኑን ሪስታርት፣ አለቀ። ከ2008 ወዲህ ቡት ዶት አይኤንአይ ስለሌለ በቢሲዲኢዲት ኢንክሪዝ ዩዘር ቪኤ 3072 ነው የሚባለው፣ ነገሩ ግን ያው ነው። ጥቅሙ ምን መሰለህ፣ ሁሉም የኤስኪውኤል ሜሞሪ ነው የሚሰፋው፣ ዳታውም፣ ፕላን ካሹም (ኩዌሪው እንዴት እንደሚሰራ የወጣው ፕላን የሚቀመጥበት)፣ ሶርቱም።

አባ_ሰርቨር
ልክ ነህ፣ ግን የሱን ሰርቨር አስብ። ፋይል ሼርም አንቲቫይረስም አለበት ብሏል። ሁለቱም ከርነሉ ውስጥ ነው የሚበሉት። ከርነሉን ግማሽ አድርገህ ስትቆርጠው ፔጅድ ፑሉና ኖንፔጅድ ፑሉ (የከርነሉ የራሱ ሜሞሪ) አብረው ይጠባሉ፣ ከዛ ሰኞ ጠዋት ሁሉም ፋይል ሲከፍት ኢቨንት 2019 ወይ 2020 (ፑሉ አለቀ የሚለው ስህተት) ይመጣልህና ኔትዎርኩ ይቆማል፣ ሰውም ኬብል ሊፈትሽ ይሮጣል። ኤስኪውኤል ብቻውን ያለበት ማሽን ቢሆን እኔም 3ጂቢ ነበር የምለው። ለሱ ግን አደገኛ ነው።

ቆራሪማ
ዩዘር ቪኤ 2900 ምናምን ብሎ ለከርነሉ ትንሽ መመለስ ይቻላል እኮ

አባ_ሰርቨር
ይቻላል፣ ግን ሶርስ ኮድ የሌለው የአንድ ድርጅት ሙሉ ስቶክ ላይ ቁጥር እየቀያየሩ መሞከር እኔ አልወድም። ለሱ ኤደብሊውኢ ይሻለዋል።

መጋዘን_ጎንደር
ኤደብሊውኢ ደሞ ምንድነው? ይቅርታ ከዚህ በላይ ግራ እንዳልጋባ 😩

እቴጌ_ኮድ
እኔ ላስረዳው፣ ድሮ አንድ ቦታ ላይ ተሰቃይቼበታለሁ። ኤደብሊውኢ ሲበራ ኤስኪውኤል በ2 ጊጋ አድራሻው ውስጥ ትንሽ መስኮት ያበጅና ከሱ ውጪ ያለውን ራም እየቀያየረ በዛ መስኮት ያያል። ከ4 ጊጋ በላይ ካልሆነ ፒኤኢም አይፈልግም። 2005 ስታንዳርድ ይደግፈዋል፣ ነፃው ኤዲሽን ኤክስፕረስ ግን አይደግፈውም። አሰራሩ እንዲህ ነው፦

ኤስፒ ኮንፊገር ብለህ ሾው አድቫንስድ ኦፕሽንስን 1 ታደርጋለህ፣ ከዛ ኤደብሊውኢ ኢኔብልድን 1 ታደርጋለህ፣ ማክስ ሰርቨር ሜሞሪን ደሞ ላንተ 2500 ሜጋ አድርገው፣ ቀሪውን ለዊንዶውሱና ለፋይል ሼሩ ተወው። ሰው የሚረሳው ቀጥሎ ያለውን ነው። የኤስኪውኤል ሰርቪሱ በየትኛው አካውንት እንደሚሰራ እይ፣ ከዛ ጂፒኢዲት ገብተህ ዩዘር ራይትስ ውስጥ ሎክ ፔጅስ ኢን ሜሞሪ የሚለው ላይ ያንን አካውንት ጨምረው። ይሄን ካላደረግክ ኤደብሊውኢው ዝም ብሎ አይበራም፣ ምንም መስኮት ወጥቶ አይነግርህም። ሰርቪሱን ሪስታርት አድርገህ ኤረር ሎጉን ክፈት፣ አድሬስ ዊንዶዊንግ ኤክስቴንሽንስ ኢዝ ኢኔብልድ የሚል መስመር ካገኘህ ሰርቷል፣ የሎክ ሜሞሪ ፍቃድ የለም የሚል ካገኘህ ደሞ አካውንቱን ተሳስተሃል።

እና እባክህ ከዛ በኋላ ታስክ ማናጀር አትይ! በኤደብሊውኢ የተያዘ ራም እዛ አይታይም፣ ኤስኪውኤሉ 100 ሜጋ ምናምን ብቻ ይዞ ታየውና ልብህ ቀጥ ይላል። ፐርፍሞን ላይ ቶታል ሰርቨር ሜሞሪ የሚለውን ካውንተር ነው የምታየው።

ቆራሪማ
እቴጌ አንድ ነገር ዘለልሽ፣ ኤደብሊውኢው ለዳታ ፔጅ ብቻ ነው። ፕላን ካሹ፣ ሶርቱ፣ ኮኔክሽኑ ሁሉ በድሮው 2 ጊጋ ውስጥ ነው የሚቀረው። እና የሱ 701 የዳታ እጥረት መሆኑን በምን አወቅሽ? እንደኔ አደለም። ዳታ ሲበዛ ኤስኪውኤል አሮጌውን ፔጅ ይጥልና ይቀጥላል፣ ቀስ ይላል እንጂ 701 አይልም። ጠዋት ደህና ሆኖ ከሰዓት የሚወድቅ ነገር ቀስ በቀስ የሚጠራቀም ነው። ፕላን ካሹን እይልኝ።

እቴጌ_ኮድ
አዎ ልክ ነህ፣ ኤደብሊውኢው የዳታውን ፔጅ ከዛ መንደር ሲያወጣለት ለሌላው ቦታ ይለቃል ብዬ ነው። ግን ፕላን ካሹ ካልተፈተሸ ይሄም ተመልሶ ይሞላል። @መጋዘን ዛሬ 701 ሲመጣ ሪስታርት አታድርገው፣ መጀመሪያ ዲቢሲሲ ሜሞሪስታተስ (ሜሞሪው በምን እንደተያዘ የሚያሳየውን ትዕዛዝ) አስኪድና ውጤቱን አስቀምጥ። ከዛ ዲኤም ኤግዜክ ካሽድ ፕላንስ የሚለውን ቪው ክፈትና አድሆክ የሚሉት ፕላኖች ውስጥ ዩዝካውንታቸው 1 የሆኑት ጠቅላላ ምን ያህል እንደያዙ ደምር።

መጋዘን_ጎንደር
መብራት ጠፍቶ ዩፒኤሱም አልቆ ነበር ለዛ ነው የዘገየሁት። አሁን ከሰዓት መጣልኝ፣ ደመርኩት። 600 ሜጋ ያልፋል!! በሺዎች የሚቆጠሩ ፕላኖች ናቸው ሁሉም አንዴ ብቻ የተጠሩ። አንዱን ከፍቼ ሳየው የደንበኛው ስም ራሱ ኩዌሪው ውስጥ በአማርኛ ተጽፏል፣ ቀጣዩም ያው ኩዌሪ ነው ስሙ ብቻ ሌላ፣ ባች ቁጥሩም እንደዛው።

ቆራሪማ
አልኩህ እኮ 😄 ፕሮግራሙ ፓራሜትር አይጠቀምም፣ ስሙንና ባች ቁጥሩን ከጽሑፉ ጋ እየቀጠለ ነው የሚልከው። ለኤስኪውኤል ሰርቨር እያንዳንዱ አዲስ ኩዌሪ ነው፣ ለእያንዳንዱ አዲስ ፕላን ይሰራና ያስቀምጠዋል፣ ያቺ 1.7 ጊጋ በማያስፈልግ ነገር ትሞላለች። ሶርስ ኮድ ስለሌለህ ፕሮግራሙን አታስተካክለውም፣ ግን ከዳታቤዙ በኩል መፍትሄ አለ። አልተር ዳታቤዝ ብለህ ፓራሜተራይዜሽንን ፎርስድ አድርገው። ኤስኪውኤሉ ራሱ ስሙንና ቁጥሩን አውጥቶ አንድ ፕላን ለሁሉም ይጠቀማል። ይሄ ከ2005 ጀምሮ ነው የመጣው፣ 2000 ላይ ብትሆን አለቀልህ ነበር።

ሌላው ደሞ ሰርቪስ ፓክ 1 ላይ ነኝ ብለሃል፣ ወንድሜ ይሄማ ራሱን የቻለ በሽታ ነው። ከሰርቪስ ፓክ 2 በፊት የነበረው 2005 ፕላን ካሹን ከልክ በላይ ያሳድግ ነበር፣ ጣሪያውን ያጠበቡት በሰርቪስ ፓክ 2 ነው። የመጨረሻው 4 ነው፣ ፈልገህ እሱን ጫን። ባክአፕ ይዘህ።

አባ_ሰርቨር
የቆራሪማ ነገር ትክክል ነው፣ ይሄን እኔም ቀድሜ መጠየቅ ነበረብኝ። ለሌላ አንባቢም አንድ ነገር ልጨምር። እስከዛው ድረስ 701 ሲመጣ ሪስታርት ከማድረግ ፕላን ካሹን ብቻ ባዶ የሚያደርገው ዲቢሲሲ ፍሪፕሮክካሽ ይሻላል። ሪስታርት የዳታውን ካሽም ይጥለዋል፣ ከዛ ሁሉም ነገር እንደገና ከዲስክ ነው፣ ለዛ ነው ከሪስታርት በኋላ ግማሽ ሰዓት የሚንቀራፈፈው።

ራስ_ዳሽን
ለምን ኤክስፕረሱን አዲሱን አውርዶ አይጭንም? ነፃ ነው

እቴጌ_ኮድ
ነፃ ነው ግን ለሱ አይሆንም። የ2005ና የ2008 ኤክስፕረስ ዳታቤዝ ከ4 ጊጋ አያልፍም፣ ከ2008 አር2 እስከ 2022ቱ ድረስ ያለው ደሞ 10 ጊጋ ነው፣ የሱ 9 ደርሷል። በዛ ላይ ለዳታ የሚጠቀመው 1 ጊጋ ብቻ ነው፣ 2016 ላይ ትንሽ ጨምረው 1410 ሜጋ አደረጉት። አሁን ካለው ሊያንስበት ነው እኮ።

ፒክስል_አዘዞ
ሰርቨሩን እንዳለ ቨርቹዋል ማሽን ቢያደርገውስ

አባ_ሰርቨር
ውስጥ ያለው ዊንዶውስ ያው 2003 ስታንዳርድ 32 ቢት ነው፣ ጣሪያውን ይዞ ነው የሚገባው። ለባክአፕ ጥሩ ነው፣ ለራም ምንም።

ሊኑክስ_ነኝ
እኔ ማይኤስኪውኤል የሚባለው ሌላ ዳታቤዝ ላይ ነኝ፣ ተመሳሳይ ስለሆነ እዚሁ ልጠይቅ። የቤተመጻሕፍት ሲስተም ነው፣ የድሮ ኡቡንቱ 32 ቢት፣ ራሙ 4 ጊጋ። ኢኖዲቢ በፈር ፑሉን (ዳታውን ራም ላይ የሚይዝበትን) 2.5 ጊጋ ሳደርገው ሰርቪሱ አይነሳም፣ 1.5 ሳደርገው ይነሳና ተማሪ ሲበዛ ይወድቃል። ሊኑክስ ለፕሮግራሙ 3 ጊጋ ይሰጣል ይባል የለ እንዴ?

ቆራሪማ
3 ለፕሮግራሙ 1 ለከርነሉ ነው አዎ፣ ግን 3ቱን አንድ ላይ አታገኘውም፣ ላይብረሪውም ስታኩም እዛው መሃል ነው የሚቀመጠው። የማይኤስኪውኤል ማኑዋል ለ32 ቢት ሊኑክስ የሰጠው ስሌት አለ፣ በፈር ፑሉ፣ ሲደመር ኪይ በፈሩ፣ ሲደመር ማክስ ኮኔክሽንስ ጊዜ የሶርትና የሪድ በፈር ከቢንሎግ ካሹ ጋር፣ ሲደመር ማክስ ኮኔክሽንስ ጊዜ 2 ሜጋ፣ ጠቅላላው ወደ 2 ጊጋ ወይ ከዛ በታች ይሁን ይላል። ማክስ ኮኔክሽንስህ ስንት ነው?

ሊኑክስ_ነኝ
500 😬 ሶርት በፈሩንም አንዱ ብሎግ ላይ አይቼ 4 ሜጋ አድርጌዋለሁ

ቆራሪማ
500 በ2 ሜጋ ራሱ 1 ጊጋ ነው፣ 500 በ4 ደሞ 2 ጊጋ፣ በፈር ፑሉ ገና ሳይቆጠር ጨርሰሃል። ኮኔክሽኑን 80 አድርገው፣ ሶርት በፈሩን ወደ ነበረበት መልሰው፣ በፈር ፑሉን 1.2 ጊጋ ላይ ተወው።

እቴጌ_ኮድ
አንድ ደሞ ለአማርኛ ተጠቃሚ ልጨምርልህ፣ ይሄን ማንም አይነግርህም። በዩቲኤፍ 8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው፣ እንግሊዝኛው 1። ዲስክ ላይ ብዙም አይጎዳህም፣ ጉዳቱ ኩዌሪው ጊዜያዊ ቴብል ሲሰራ ነው። በአሮጌው ማይኤስኪውኤል ሜሞሪ ላይ የሚሰራው ጊዜያዊ ቴብል ቫርቻሩን (የጽሑፍ ኮለሙን) ሙሉ ርዝመቱን ይዞ ነው የሚያስቀምጠው፣ «አበበ» ብለህ ብትጽፍም ቫርቻር 255 ካልከው 765 ባይት ይይዝልሃል። ርዕስ፣ ደራሲ፣ አሳታሚ፣ መደርደሪያ አራቱም 255 ከሆኑ አንድ መስመር 3,060 ባይት፣ 16 ሜጋ የሆነው ዲፎልት ጣሪያ በ5,400 ምናምን መስመር ሞላ ማለት ነው፣ ከዛ ወደ ዲስክ። እና ኮለሞቹን በልካቸው አሳንሳቸው፣ የደራሲ ስም 255 ፊደል አይሞላም። ኤስኪውኤል ሰርቨር ላይ በኤንቫርቻር 2 ባይት ነው፣ ትንሽ ይሻላል።

ሊኑክስ_ነኝ
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ እህቴ፣ ሁሉም 255 ነው እኮ ሲስተሙን የሰራው ሰው ሳያስብ የተወው ነው የሚመስለኝ

መጋዘን_ጎንደር
ሪፖርት ላቅርብ። ቅዳሜ ማታ ሁሉም ከወጣ በኋላ ባክአፕ ይዤ ሰርቪስ ፓክ 4 ጫንኩ፣ ፎርስድ ፓራሜተራይዜሽኑን አበራሁ፣ ኤደብሊውኢውም በርቷል፣ መስመሩን ሎጉ ላይ አገኘሁት (ታስክ ማናጀር ላይ ግን 110 ሜጋ ሲለኝ ባትነግሪኝ ኖሮ አጥፍቼው ነበር እቴጌ)። ሳምንቱን ሙሉ 701 አልመጣም፣ ፕላን ካሹ ከ80 ሜጋ አላለፈም። የኤክስፓየር ሪፖርቱ ግን አሁንም ቀርፋፋ ነው። እና የተረፈው 4 ጊጋ ራም ዝም ብሎ ሰርቨሩ ውስጥ ተኝቷል፣ አውጥቼ ልሽጠው?

አባ_ሰርቨር
አትሽጠው። ዚኦንህ 64 ቢት ይችላል ብዬ እገምታለሁ፣ የፕሮሰሰር መረጃ በሚያሳየው ሲፒዩ ዚ በሚባል ፕሮግራም እይው፣ ኢንስትራክሽንስ የሚለው መስመር ላይ ኢኤም64ቲ የሚል ካለ ይችላል። ከቻለ ያው ማሽን ላይ ሰርቨር 2008 አር2 ትጭናለህ፣ እሱ የሚመጣው በ64 ቢት ብቻ ነው፣ ስታንዳርዱ እስከ 32 ጊጋ ይወስዳል። 2008 አር2 ኤስኪውኤል 64 ቢቱን ጭነህ የ2005ቱን ባክአፕ ሪስቶር ማድረግ ነው፣ ፋይሉ 32 ይሁን 64 ልዩነት የለውም፣ ቀጥታ ይነሳል። ያኔ ኤደብሊውኢ፣ 3ጂቢ፣ ፒኤኢ የሚባል ጣጣ የለም። 9 ጊጋው ዳታቤዝ አብዛኛው ራም ውስጥ ይገባል፣ ሪፖርቱም ይፈጥናል። ማሽኑ የሚችል ከሆነ ከዛ አዲሱን ብታረግ ይመረጣል፣ ምክንያቱም ሰርቨር 2008 አር2ም ከጥር 2020 በፈረንጅ ጀምሮ አፕዴት የለውም፣ 2003ማ ከሐምሌ 2015 ጀምሮ። የትኛውንም ብትጭን ኢንተርኔት ላይ እንዳታገናኘው።

መጋዘን_ጎንደር
አየሁት ኢኤም64ቲ ይላል!! ጋሼም ፈቅደዋል። ከተራና ጥምቀት መጋዘኑ ዝግ ስለሆነ ያኔ ነው የማደርገው፣ ከተማው ሁሉ ጃን ሜዳ ባይሆንም ፋሲል መዋኛ ሲወርድ እኔ ሰርቨር ጋ ነኝ 😂 ምን ልጠንቀቅ?

ቆራሪማ
አዲስ ሃርድ ዲስክ ላይ ጫን፣ የድሮውን ዲስክ አውጥተህ አስቀምጥ፣ ካልሆነ መልሰህ ትሰካዋለህ። ባክአፑን ደሞ ሪስቶር አርገህ ካላየኸው ባክአፕ ነው አትበል። ሎጊኖቹ ማስተር ዳታቤዝ ውስጥ ስለሆኑ አብረው አይመጡም፣ ለየብቻ ማምጣት አለብህ።

እቴጌ_ኮድ
ሁለት ነገር። ኤስኪውኤሉ ከኤክሴል ወይ ከአክሰስ ፋይል በሊንክድ ሰርቨር የሚያነብ ከሆነ ጄት 4 የሚባለው ድራይቨር 64 ቢት የለውም፣ ያ ይሰበራል፣ አስቀድመህ እይ። ሌላው ማክስ ሰርቨር ሜሞሪን እንዳትረሳ፣ 64 ቢት ላይ ዲፎልቱ ማለቂያ የለውም፣ ራሙን ሁሉ ይዞ ዊንዶውሱን ያስጨንቀዋል። ካለህ 8 ላይ 6 ጊጋ ስጠው።

መጋዘን_ጎንደር
እንኳን አደረሳችሁ 🙏 ተነስቷል። 8ቱም ይታያል፣ ሎጊኖቹን አስገባሁ፣ 6 ጊጋ ሰጠሁት፣ የኤክስፓየር ሪፖርቱ ሻይ ሳይቀዳ ይወጣል። አንድ ነገር ብቻ፣ የሪፖርት ፕሮግራሙን ሰርቨሩ ራሱ ላይ ስከፍተው ዳታ ሶርስ የለም ይላል፣ ኦዲቢሲ (ፕሮግራሙን ከዳታቤዙ ጋ የሚያገናኘው) ውስጥ ግን ሰርቼለታለሁ፣ ቴስት ሳደርገውም ሰክሰስፉል ይላል። የሌሎቹ ኮምፒዩተሮች ይሰራሉ።

እቴጌ_ኮድ
ፕሮግራሙ 32 ቢት ነው፣ አንተ የሰራኸው 64 ቢቱ ኦዲቢሲ ውስጥ ነው፣ ሁለቱ አይተያዩም። ከኮንትሮል ፓናል አትክፈተው፣ ሲ ውስጥ ዊንዶውስ ፎልደር ግባና ሲስዋው64 የሚለው ውስጥ ኦዲቢሲኤዲ32ን ክፈት። ስሙ ያሳስታል፣ 64 የሚለው ፎልደር ውስጥ ያለው ነው 32 ቢቱ። እዛ በተመሳሳይ ስም ሲስተም ዲኤስኤን ስራለት።

መጋዘን_ጎንደር
ሰራ!